ለላሞች የላክሁት ጨው

ለወንድሜ ለባንተይርጋ፤

ከዚህ ከሰመራ ሐሩር ውስጥ ሆኜ ናፍቆቴ ይድረስህ። እንዴት ከርማችኋል? የእናታችን ጉልበት ተሻለው? ባለቤትህ ስንቅነሽና ትንሿ ኤፍራታስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነኝ ማለቴ ግን ለወጉ ነው፤ ከተናደድሁ ሳምንት አለፈኝ። በስልክ ብነግርህ ስቀህ ዘጋህብኝ። ወረቀት አይዘጋም፤ አንብበው።

ለፋሲካ የላክኸውን ፎቶ ጤና ጣቢያ ለሚሠራው ጎረቤቴ ለመሀመድአሚን አሳየሁት። እኔ የስንቅነሽን እርግዝና ላሳየው ነበር። እሱ ግን አንገቷን አጉልቶ አየና «የሚበሉት ጨው ከየት ነው?» አለኝ። ከሱቅ ነው፣ አዮዲን ያለው የታሸገው ነው ብዬው፣ ለማረጋገጥ ላንተ ደወልሁ። ጉዱ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

እኔ በየዓመቱ ሚሌ ላይ ወደ ደሴ በሚታጠፍ የጭነት መኪና አንድ ጆንያ አዮዲን ያልተጨመረበት የአፍዴራ ጥሬ ጨው የምልከው ለላሞቹ ነው። እናታችን ግን «ልጄ የላከችውን ለከብት አልሰጥም» ብላ ለወጥ አደረገችው፤ የታሸገውን ላሞቹ ይልሱታል። አምስት ዓመት ሙሉ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ስትመክራችሁም ከምንጩ የመጣ ጨው አለን ብላችሁ መለሳችኋት። አንተ ደግሞ ስንቅነሽ አንገቷ ሞላ፣ አማረባት ትለኛለህ። ምን ዓይነት ሰው ነህ?

ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢጠራቀም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም አለኝ መሀመድአሚን። ያቺ ቅንጣት ስትጠፋ ግን አንገት ያብጣል። እሱስ ይሁን፤ በማህፀን ያለው ልጅ አእምሮውም ጆሮውም ሊጎዳ ይችላል።

ኤፍራታ አራት ዓመቷ ነው። ስትጠሯት አትዞርም፤ እናንተ አፍ መፍታት ዘገየች ትላላችሁ። በጨው ነው አልልም፤ መሀመድአሚንም ሳትመረመር ምንም ማለት አይቻልም ብሎኛል። ግን ጨውን የላክሁት እኔ ነኝ። ለዘመን መለወጫ መጥቼ ያንኑ ወጥ በልቼ እናቴን እጅሽ ይባረክ ያልሁም እኔ ነኝ። የተቆጣሁት ባንተ ብቻ አይደለም።

ነገ ዛሬ ሳትል ስንቅነሽን ጤና ጣቢያ ውሰዳት። የኤፍራታን ጆሮ ደሴ አስመርምር። ጆንያውን ወደ በረት አውጣው፤ እናታችን ካልሆነ ካለች ሀብትነሽ ለምናሻለች በላት።

እናቴን ጉልበቷን ሳምልኝ። ስንቅነሽን፣ በጤና ያገላግልሽ ትልሻለች በልልኝ። ኤፍራታን ግን ሰላም ብላሻለች ብለህ ከደጅ አትጥራት፤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥና፣ እያየችህ፣ ግንባሯን ሳምልኝ።

እህትህ ሀብትነሽ
ሰመራ፣ ግንቦት ፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.