የእማማ የቅዳሴ ጫማ

ኔዳ፣

ሠራተኞቹ የእንጨቱን ደረጃ ነቅለው የመስታወቱን ገጥመው ሄዱ። እንዳልሽው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ ባሕሩም በውስጡ ይታያል። የበጋ እንግዶችሽ ይወዱታል።

እማማ ግን ፎቅ ላይ ቀረች። «ከሥር የቆመ ሁሉ የቀሚሴን ውስጥ ሊያይ? አባታችሁ ሞተ እንጂ እኔ አላበድኩም!» ትላለች። አንሶላ ልጋርድልሽ ብላትም እምቢ።

ላወርዳት ስወጣ መሃል ላይ በመስታወቱ ቁልቁል አየሁና ፈራሁ። በቂጤ እየተንፏቀቅኩ ተመለስኩ። እንዳትስቂ።

የእንጨቱን አትንቀዪው ብዬሽ ነበር። ይሁን።

ምሳዋን በቅርጫት አስሬላት፣ በመስኮት በገመድ ጎትታ ወሰደች። እኔ ዓሣ ፋብሪካ ተረኛ ነኝ፤ እራቷን አንቺ ላኪላት። የዓሣውን አጥንት አውጥቼዋለሁ።

ቅርጫቱን ስታወርደው የቅዳሴ ጫማዋን ከታበታለች።
«ለጎረቤት ስጪው፣ ከእንግዲህ የት ልሄድበት» አለችኝ።

አልሰጠሁም። ደረጃው ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ሉሴ