የጄኔሬተር ጭስ ሲታገሉ የኖሩት እትዬ አይጣልም

እትዬ አይጣልም ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅ ነርሷ እናታቸው በ1966 ዓ.ም. ተወለዱ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ በኋላ ቤተሰቡም ለመደው። ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ ወንድማቸው፣ የፊልም ድምፅ ቀራጺ ነኝ። ካጣናቸው ገና ሁለተኛ ቀናችን ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ረስቼ ስልካቸው ላይ ደውያለሁ። እናታችን «አሟሟቷን አንድም ሳትደብቅ ጻፍ» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ፤ እንዴት አድርጌ ለቀስተኛው ፊት እንደማነበው ግን እንጃ።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር ጨርሰው በ1985 ዓ.ም. በእንጨት ሥራ በዲፕሎማ ተመረቁ። ወዲያው በአንድ ትንሽ የፊልም ቡድን ውስጥ ለቀረጻ የሚሆኑ ክፍሎችን መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው ፊልም ሲያልቅ፣ አንድ ወር የለፉበት ቤት ተሰባብሮ ሲቃጠል ቆመው አዩ። ያኔ ልማዱ ይኸው ነበር፤ ማስቀመጫ የለም ይባልና ክብሪት ይጫራል። እሳቸው እሳቱ ያልደረሰበትን አንድ አረንጓዴ በር ተሸክመው ቤት ገቡ። አባታችን «ልጄ፣ ቤት ሳይኖርሽ በር?» ብለው በሳቅ ፈረሱ። በሩ ግን በአሥራ አንድ ፊልም ውስጥ እስር ቤትም፣ ባንክም፣ የሙሽራ ጓዳም ሆኖ ተጫውቷል።

በ1993 ዓ.ም. አሮጌ ባትሪ ሊያስጠግኑ የሄዱበትን ባለሙያ አገቡ። የሙሽራ ቀሚሳቸው ከሦስት ፊልም የተረፈ ስለነበር ከእድምተኞቹ ግማሹ ለይቶት ሲንሾካሾክ ዋለ። እሳቸው ምን በወጣቸው! አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልደው አሳድገዋል።

የፕሮዳክሽን ኃላፊ ከሆኑ ጀምሮ በእሳቸው ቀረጻ የፕላስቲክ ውኃ አይገባም፤ ሁሉም ኩባያውን ይዞ ይመጣል፣ ሁሉም በአንድ አውቶቡስ ይጓዛል። ዋነኛ ጠላታቸው ግን የናፍጣ ጄኔሬተር ነበር። ባለቤታቸው በጠገኗቸውና በፀሐይ በሚሞሉ ባትሪዎች ስድስት ፊልሞች ሠርተዋል። አንድ ፕሮዲዩሰር «ፊልም ነው የምንሠራው ወይስ ዛፍ የምንተክለው?» ሲሏቸው «የሚተነፍስ ተዋናይ ነው የምንፈልገው» ብለው ኩም አደረጓቸው።

ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በአንድ አሮጌ ማተሚያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ የመጨረሻውን ትዕይንት ስንቀርጽ ሦስት ቀን ደመና ሆኖ ስለነበር ባትሪው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። እትዬ የተዋሱትን ወንበር ሊመልሱ ወጥተው ነበር። እስኪመለሱ ብንጠብቅ ምን ነበረበት! ቸኩለን ጄኔሬተር ተከራየንና ከምንቀርጽበት ክፍል በበር በሚገናኝ፣ መስኮት በሌለው የወረቀት መጋዘን ውስጥ አስነሣነው። ድምፁ ማይኩ ውስጥ ገባ። «በሩን ዝጉልኝ፣ ብርድ ልብስም ደርቡበት» ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ።

መብራት ሠሪያችን ነዳጅ ሊያይ በመጋዘኑ የኋላ በር ገብቶ እዚያው ወደቀ። እትዬ ሲመለሱ አገኙት፤ ጎትተው ደረጃው ላይ አወጡት። እሱ ዛሬ በሕይወት አለ፤ እዚህ መካከላችን ቆሟል። ጭሱ አሥራ ስምንት ሰው ወዳለበት ክፍል እንዳያልፍ ጄኔሬተሩን ሊያጠፉ ተመልሰው ገቡ። አጠፉትም። ከዚያ መውጣት አልቻሉም። ጤነኛ ሰው፣ ጠዋት ስቀው የወጡ ሰው! በሃምሳ ዓመታቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን በታገሉት ጭስ ታፍነው አረፉ።

እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ብዙዎችን ከጭስ ያወጡትን እህታችንን ፈጣሪ ንጹሕ አየር ባለበት ያኑርልን፤ እናታችንንም ያጽናልን።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እናታችንም እስካሁን አልሰሙትም። ቀረጻ ላይ እያለን ከተዘጋው በር ወዲያ በስሜ ተጠርቼ ነበር። ማዳመጫዬ ውስጥ ጥርት ብሎ ገባ። ቀረጻ የሚረብሽ ሰው መስሎኝ፣ ዝም በሉ ብዬ እጄን አነሣሁ።

እትዬ፣ ሰምቼሽ ነበር።