ወይንእሸት ያዋሰችው ጣት

ለእናት እኅቴ ለእታለም ሸዋነሽ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የጋሽ ታደለ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ፣ ላሚቱስ በሰላም ተገላገለች? እኛ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ አካላችን ደኅና ነው። ሆዳችን ግን ደኅና አይደለም። በስልክ እንዳልነግርሽ ሰው ይሰማናል ብዬ ፈራሁ፤ ይህን ደብዳቤ የአውቶቡስ ረዳቱ አስናቀው በእጅሽ ያደርስልሻል።

ሚስቴ የልብስ ስፌት ቤት ልትከፍት መሆኑን ሰምተሻል። ለንግድ ፈቃዱ መጀመሪያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ ስለተባልን ሐሙስ ዕለት አብረን ሄድን። ቁጥሩ የሚሰጠው የጣት አሻራ ተነሥቶ ነው። ወይንእሸት ጣቷን መሣሪያው ላይ ብታሳርፍ፣ መዝጋቢዋ ሄለን ኮምፒውተሩን አየች፣ ደግማ አየች። በዚህ አሻራ ቁጥር ወጥቶበታል፣ ስሙ ግን የሌላ ሰው ነው አለቻት።

የማን ስም መሰለሽ? የጎረቤታችን የእማማ ፈንታነሽ! አምና አረቄ ቤታቸውን ሲያስመዘግቡ ወይንእሸት ደግፋ ወስዳቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ጥጥ ሲፈትሉ ጣታቸው ልሙጥ ሆኗል፤ መሣሪያው አልቀበል አለ። የዚያን ጊዜው መዝጋቢ ስልክ ሊያነጋግር ወጣ ሲል፣ ይች የኔ ጉድ የራሷን ጣት አሳርፋላቸው አረፈች! ብቆጣት፣ በሬ ለጎደለው በሬ እናውስ የለም ወይ፣ ጣት ምን አለው ብዬ ነው አለችኝ። የሙት ልጅ ሆና ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ እንቢ የምትልበት አንጀት ከየት ታምጣ? ግን እታለም፣ መንግሥት እንደ ጎረቤት ነው እንዴ?

መታወቂያዋን ይዘው ሰኞ ቅረቢ ብለዋታል። የሌላ ሰው ነገር አስመስዬ ስጠይቅ አንዱ ቅጣት ነው ይለኛል፣ አንዱ እስራት ነው ይለኛል፤ ባጃጄ ላይ የተሳፈረው ሁሉ ዳኛ ሆነብኝ። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ወደ ሌላ መንገድ እታጠፋለሁ። ምን እደብቅሻለሁ፣ ፈርቻለሁ። አላውቅም በይ ብዬ መከርኳት። እሷ አላውቅም ካለች ግን የእማማ አረቄ ቤት ይዘጋል፤ በስተርጅና የሚከሰሱትም እሳቸው ናቸው። ይህን ስታስታውሰኝ ምክሬን መልሼ ዋጥኩት።

ትናንት ሚካኤልን ስመን ስንመለስ ቆረጠች። ሳትጠየቅ በፊት ራሷ ገብታ ልትናገር ነው። እማማም የለመንኳት እኔ ነኝ ብዬ እመሰክራለሁ ብለው ነጠላቸውን አሳጥበዋል። የምንቀጠቀጠው እኔ ብቻ ነኝ።

ማክሰኞ መናኸሪያ ውጪልኝ። ነገሩ ከከፋ ልጃችንን መክሊትን ከአስናቀው ጋር እልክልሻለሁ። አንቺም ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር!

ጋሽ ታደለን ጉልበታቸውን ሳምኩ በይልኝ። ከልጆችሽ ሽታሁንን ግንባሩን ሳሚልኝ። ለእኅቱ ለአምሳለችም ሰላምታዬን አድርሺ፤ ደግሞ ምከሪያት፣ መክሊት ከመጣች የእናቷን ነገር እንዳታነሣባት። ለሠርግ የሚሆን ልብስ በዝቶባት እየሰፋች ነው ብለን እንነግራታለን።

ወንድምሽ ታዘበው
ቢቸና፣ ኅዳር 13 ቀን 2007 ዓ.ም.