ስለ ወይዘሮ ሬጂን ባስቲድ ዕረፍትና በራሳቸው ድምፅ ስለሚታየው ፊልም

የማርሴይና አካባቢው የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋንያን ማኅበር፣ ከ1961 ጀምሮ አባሉ የነበሩት ወይዘሮ ሬጂን ባስቲድ ባለፈው እሑድ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱና ለተመልካቾቻቸው የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወይዘሮ ሬጂን የወደብ ከተማ በሆነችው ማርቲግ ከዓሣ መረብ ጠጋኝ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1960 «የሳርዲን ወቅት» በተባለው ፊልም ዓሣ ሻጯን ፊኔትን ሆነው ሠሩ። ቀረጻው ሲያበቃ የፊልሙ ባለቤቶች የደቡብ ፈረንሳይ አነጋገራቸውን አልወደዱትም። «ፊትሽ ፓሪስ ይገባል፤ አፍሽ ግን እዚሁ ወደብ ይቅር» ተባሉ፤ በድምፃቸው ምትክም የአንዲት ፓሪሳዊት ድምፅ ገባ። ፊልሙ ተወደደ። እናታቸው ግን በማርቲግ ሲኒማ ቤት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ኧረ በማርያም! አፉ የልጄ ነው፤ የምታወራዋ ማን ናት?» ማለታቸውን በቦታው የነበሩ ሰዎች ያስታውሳሉ።

በ1963 ድምፃቸው እንዲመለስላቸው ለማኅበራችን አቤት አሉ። ማኅበራችንም «ውሉ ተፈርሟል» ብሎ በአንድ መስመር መለሰላቸው። ደብዳቤው ዛሬም በፋይላቸው ውስጥ አለ፤ ያሳፍረናል።

ከዚያ በኋላ በሠላሳ አንድ ፊልሞች ተሳትፈዋል፤ አብዛኞቹ አጫጭር ሚናዎች ነበሩ።

ከ1974 እስከ 1985 በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የፖስታ ቤት ሹሟን ተጫወቱ። «ድምፄ አይነካም» የሚል አንቀጽ ካልገባ አልፈርምም ስላሉ፣ አገሩ ሁሉ በማርቲግ አነጋገር ሲቆጡ ሰማቸው። ገበያ ሲወጡ «እትዬ፣ ደብዳቤዬ የት ቀረ?» የሚላቸው አይጠፋም ነበር፤ እሳቸውም «ቴምብር ለጥፈሃል?» ይሉ ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ የ«ሳርዲን ወቅት» የራሳቸው ድምፅ ያለበት የመጀመሪያው የድምፅ ጥቅል በአንድ መጋዘን ተገኘ። ማኅበራችን ከፊልሙ ምስል ጋር የማዋሃዱን ሥራ አስጀመረ። ወይዘሮ ሬጂን በየሳምንቱ እየደወሉ ስለ ፊኔት፣ «ያቺ ልጅ ትደርስልኛለች ወይስ ጥላኝ ትቀራለች?» ይሉን ነበር። ሥራው ያለቀው ማክሰኞ ዕለት፣ ባረፉ በሁለተኛው ቀን ነው።

ለእህታቸው ለወይዘሮ ሉሴትና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።

ሥርዓተ ቀብራቸው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት በማርቲግ ይፈጸማል። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ፊልሙ በዚያው እናታቸው በተነሡበት ሲኒማ ቤት በራሳቸው ድምፅ ይታያል። የፊተኛው ረድፍ ለወይዘሮ ሉሴት ተይዟል። በአዳራሹ ከወይዘሮ ሬጂን በቀር ተናጋሪ አይኖርም።