ፊርማዎ ያረፈባቸው ባዶ ወረቀቶች

ውድ ጋሼ ሞታሃር፣

እኔ ፓሩል ነኝ፤ በምክር ቤቱ ቢሮዎን እየጠረግሁ ሻይ አፈላልዎት የነበርኩት። ድምፄን አያስታውሱት ይሆናል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከ"እሺ ጋሼ" ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ወንድሜን ቶፋዛልን ግን ያስታውሱታል። ለባቡር መሻገሪያ ዘበኝነት ተፈትኖ አልፎ፣ የቀረችው የእርስዎ፣ የሊቀመንበሩ፣ የምግባር ምስክር ወረቀት ብቻ ነበረች። ያለ እሷ እኛ አገር ማን ሰው ይባላል? አምስት ጊዜ ደጅ ጠና። በአምስተኛው፣ እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ፣ ጠየቁት።

"አንተ፣ በምርጫው ጊዜ የማንን ፖስተር ነበር የምትለጥፈው?"

"የቀን ሥራ እኮ ነው ጋሼ። ሙጫውም የእነሱ፣ ፖስተሩም የእነሱ።"

"እንግዲያው ምግባርህንም እነሱ ይመስክሩልሃ!"

ቢሮው በሳቅ ፈነዳ። እርስዎ ሻይዎን ቀመስ አድርገው "ስኳር አንሶታል" አሉኝ።

የማያውቁት ነገር አለ። ከተማ መዋል ስለሚያበዙ፣ ባዶ ቅጾችን አስቀድመው ፈርመው፣ ማኅተም መትተው መሳቢያ ውስጥ ይተዉ ነበር፤ ጸሐፊው ስም ብቻ ይሞላባቸዋል። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። የዚያን ቀን ቶፋዛል ሩዙን ሳይነካ "አንዲት ወረቀት ብቻ አምጪልኝ" አለኝ።

"እፈራለሁ" አልኩት።

"ተይው በቃ፣ አይጥ" ብሎ ሳቀ። ሲናደድብኝም ሲወደኝም አይጥ ነበር የሚለኝ።

በሳምንቱ ሪክሾ፣ ያንን ሰው የሚጭን ባለሦስት ጎማ ብስክሌት፣ ሊነዳ ዋና ከተማችን ዳካ ሄደ። በሐምሌ ወጣቱ መንግሥትን ተቃውሞ አደባባይ ሲወጣ እሱም ወጣ፤ በጥይት ተመቶ ሞተ። አስከሬኑ ሲመጣ የሪክሾው ቅባት ከእጁ አልለቀቀም ነበር። እርስዎ በክፋትዎ፣ እኔ በፍርሃቴ ሰደድነው። የእኔን ድርሻ እኔ እሸከማለሁ።

በነሐሴ መንግሥት ወድቆ ሕዝቡ ዱላ ይዞ ቤትዎን ሲከብ፣ እርስዎ ኩሬው ውስጥ እምቦጩን ተከናንበው አፍንጫዎን ብቻ አውጥተው ነበር። አየሁዎት። አዩኝ። ዝም ያልኩት አዝኜልዎት አልነበረም። የዱላ ሞት አጭር ነው። እኔ የፈለግሁት ደጅ ሲጠኑ ማየት ነው።

እርስዎ ድንበር ቢሻገሩም፣ ትናንት ባለቤትዎ እትዬ ዙሌካ ደጃችን መጡ።

"ፓሩልዬ፣ አዲሱ አስተዳዳሪ ለእኛ ለሲክዳር ቤተሰብ የምግባር ወረቀት አልፈርምም አለ። ልጄ ናይም ኮሌጅ ሊገባ ነው። ጋሼሽ የፈረሙባቸው ወረቀቶች አንቺ ጋ ናቸው አሉ። አንዲት ብቻ ስጪኝ፣ የኔ ልጅ።"

አንዲት ብቻ።

መንግሥት በወደቀ ሰሞን ከመሳቢያው አውጥቼ የወሰድኳቸው አሥራ ሁለት ነበሩ። ሩዝ ጥጄ ነበር፤ አንድ በአንድ ምድጃው ውስጥ ከተትኳቸው።

"አንቺ ሰይጣን! ልጄ ምን አጠፋ?"

"ቶፋዛልስ ምን አጥፍቶ ነበር፣ እትዬ?"

ድምፄ እንዲያ ወጥቶ አያውቅም። ናይም ምንም አላጠፋም። እያወቅሁ ነው ያቃጠልኩት። በዚያ እሳት የበሰለውንም ሩዝ በላሁ፤ ጣፈጠኝ።

አሥራ ሁለተኛዋን ግን እትዬ ሳያዩ አስቀረኋት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሽጌ ዛሬ እንዲያደርሱልዎ እሰጣቸዋለሁ። ፖስታውን ሲዳብሱ ልቤ የራራ መስሏቸው ይመርቁኝ ይሆናል።

እርስዎ ግን ሲከፍቱት፣ ለስም በተተወው ቦታ የራስዎን ስም ያገኛሉ። ከሰባተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ጽሕፈቴ አያምርም። "በግል አውቀዋለሁ" የሚለውን አልነካሁም። "ምግባሩ መልካም ነው" የሚለውን ሰርዤ "ቶፋዛልን ለሞት የሰደደ ሰው ነው" ብያለሁ። ፊርማውም ማኅተሙም የእርስዎ ነው። ቅጂዋን ዛሬ፣ በገበያ ቀን፣ ምክር ቤቱ በር ላይ ለጥፌያታለሁ። ሙጫው ቶፋዛል ቤት ትቶት የሄደው ነው።

ከቅጹ ግርጌ "በሕይወቱ መልካም ሁሉ እንዲገጥመው እመኛለሁ" የምትል መስመር አለች። እሷንም ሰርዣታለሁ።

የቶፋዛል እህት፣
ፓሩል