ዳይሬክት ያደረግኩት ባትሪ

ወንድምዬ፣

የኤሌክትሪክ ሳይክልህን ባትሪ እንዳትነካው። ግቢ ውስጥ፣ በብረት ባልዲ አሸዋ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። እዚያው ይቆይ።

ባለፈው ሳምንት ቻርጅ አልቀበል ሲል እንዳይግል የሚጠብቀው መከላከያ ቦርድ ተቃጥሏል ብዬህ ነበር። "አንድ ቀን ታገሰኝ፣ በቴስተር ልለካው" ብልህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። ሥራ ሊቀርብኝ ነው እያልክ አናቴ ላይ ቆምክ። እኔም ቦርዱን ትቼ ሽቦውን በቀጥታ በየድኩት፤ ዳይሬክት አደረግኩት። "እጅሽ ይባረክ" አልከኝ። አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ዛሬ ጠዋት ሽፋኑ ቀልጦ፣ ሲግል አገኘሁት። ከፍቼ ስለካው ቦርዱ ደህና ነው። የሞተው አንዱ ሴል ነው። ለካ ቦርዱ "አልቀበልም" ሲል የነበረው እኛን ብሎ ነው። እኛ አፉን ለጎምነው።

አንተ ብትቸኩል እንኳ ጠጋኟ እኔ ነኝ። ይሄን አውቃለሁ፤ ሌላ ጊዜ ትሰድበኛለህ።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብብ።

ያን ቀን መበየጃ ካዊያው ሳይበርድ አንድ ሌላም ሠርቻለሁ። እማዬ መብራት ሲጠፋ የምትጠቀምበትን፣ አልጋዋ ሥር ያለውን ባትሪ። እሱም ቻርጅ አልቀበል ብሎ ነበር። እሱንም ሳልለካ ዳይሬክት አደረግኩት። ከሶኬት ነቅላው አታውቅም።

ይህን የምጽፈው ታክሲው እስኪደርስ ነው። ያንተ ስልክ ዝግ ነው። እንዳነበብክ ቶሎ እሷ ቤት ሂድ።

አሁን ስድስተኛ ጊዜ ደወልኩላት።
ስልክ ገና አንዴ ሲጠራ ነው የምታነሳው፤ ታውቃታለህ።