ደረጃው ላይ የተሰማው ወሬ

ዓለሜ፣ ደኅና ነኝ፤ ድምፄ ብቻ ተዘግቷል። ያረፍኩበት ቤት ዋይፋዩ የሚይዘው ደረጃው ላይ ብቻ ነው። እንግዳው ሁሉ ስልኩን ይዞ እዚያው ሲኮለኮል የሰፈራችንን የቧንቧ ወረፋ ይመስላል። ትናንት አከራይዋ የይለፍ ቃሉን እየጠሩልኝ አስገባሁና «እስቲ ሞክሪው» ሲሉኝ ደወልኩልሽ። «ይሰማሻል?» እያልኩ፣ እየጮህኩ፣ ላንቺ ብቻ የያዝኩትን ወሬ ዘረገፍኩት። ስጨርስ ደረጃው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ «እኛስ ሰምተናል» አለኝ፤ ለካ መስመሩ ገና ድሮ ተቋርጧል። አከራይዋ አገላብጠው ሳሙኝ።

ፖስት ካርድ አይቋረጥም ብዬ ይኸው ጻፍኩልሽ። ቦታው አለቀብኝ፤ እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ፖስተኛው ቀድሞሽ አንብቦ እንኳን ደስ ያላችሁ ካለሽ አሜን በይ። ወንድምሽ ሲሸኘኝ ለጠየቀኝ ነገር መልሴ እሺ ነው፤ ሮጠሽ ንገሪው።